ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ባላገሩን ጠይቁ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ለዚህ አምድ የሚደርሰን ጥያቄ ወደ ተራራ ያደላል። ዘንድሮ አብዛኛው ስለ ጮቄ ነው። ጎጃም ውስጥ ተወልዶ፣ ጨሞጋን ወይም ሙጋን ተሻግሮ፣ ውሃው የሚነሳበትን ጋራ አንድ ቀን እንኳን ያልረገጠ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ወጣቱ በእግሩ ልውጣ፣ ልደር ማለቱ ደስ ይለናል። ደብዳቤዎቹን ያሳጠርናቸው ቦታ ስለጠበበን ነው፤ የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። አራት ጓደኛሞች ነን። ከደብረ ማርቆስ በኩል ተነስተን ጮቄን በእግር አቋርጠን በሞጣ መውጣት እንፈልጋለን። ድንኳን አለን፤ ሐሳባችን ማንም በሌለበት ሜዳ ላይ ማደር ነው። መቼ እንሂድ? ስንት ቀን ይበቃናል? ያገኘንበት ቦታ ላይ ብንተክል ችግር አለው? መንገድ መሪስ የግድ ነው? ካርታው ስልካችን ላይ አለ።

መልስ፦ ወንድም ዓለም፣ መጀመሪያ የሰላሙን ነገር እናንሳ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ግጭት እንዳለ ታውቃለህ። ዛሬ የተከፈተ መንገድ ነገ ይዘጋል። ስለዚህ ይህ መልስ "ዛሬውኑ ተነሱ" ማለት አይደለም። ከጮቄ ሥር ባሉት ከተሞች፣ ረቡዕ ገበያ ወይም ድጓ ጽዮን፣ የሚኖር የምታምነው ሰው ፈልግና ደውልለት። አንዴ ጠይቀህ አትተወው፤ ልትነሱ ስትሉ በዋዜማውም ደውል። "አሁን አይሆንም" ካለህ ቅሩ፤ አትከራከረው። ዝግጅቱ ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ካሁኑ መጀመር ይቻላል፤ ከዚህ በታች ያለውም ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። "ማንም በሌለበት" ብለሃል። ጮቄ ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም ማለት ይቀላል። ገብስና ድንች አንተ ከምትገምተው በላይ ከፍ ብሎ ይዘራል። ከእርሻው በላይ ያለው የጓሳ ሣር ሜዳም ለእንግዳ ዓይን ባዶ ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው፤ የትኛው ጎጥ ከብቱን እንደሚያሰማራበት፣ ማን ሣር እንደሚያጭድበት እረኛው ሳይቀር ያውቀዋል። ጨለማ ሲሆን እዚያ መሐል ባትሪ እያበራ ድንኳን የሚተክል የማይታወቅ ሰው ሲታይ ምን እንደሚታሰብ አስበው። ባላገሩ ይደነግጣል። ሌባ ነው፣ ከብት ዘራፊ ነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነገር ሊጠረጥር ይችላል። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ስለዚህ ድንኳን የሚተከለው ተጠይቆ ነው። ቀኑ ሳይመሽ፣ ቢዘገይ 10 ሰዓት ላይ መሄድ አቁሙና ወደቀረባችሁ ጎጥ ውረዱ። ከአጥሩ ውጭ ቁሙና "ቤቶች!" በሉ። ዘላችሁ አትግቡ፤ ውሻም አለ፣ ነውርም ነው። ሰው ሲወጣ ከየት እንደመጣችሁ፣ ወዴት እንደምትሄዱ ተናገሩ፣ "የመሸብን እንግዶች ነን፣ የት ብናድር ይሻላል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄያችሁ "እዚህ ማደር እንችላለን?" ሳይሆን "የት ብናድር ይሻላል?" ይሁን። እንዲህ ሲባል ሰውየው ራሱ ያስብላችኋል፤ የትኛው መስክ ሌሊት ውርጭ እንደሚበረታበት፣ የትኛው ጥግ ከነፋስ እንደሚከልል፣ ጅብ በየት በኩል እንደሚያልፍ ያውቃል። ብዙ ጊዜም "ግቡና ከቤት እደሩ" መባል አይቀርም። ቤት ውስጥ ማደሩ ከከበዳችሁ "ድንኳን ይዘናል፣ እናንተንም አናጣብብ፣ ግቢው ይበቃናል" ማለት ያስከብራል እንጂ አያስቀይምም። እግራችሁን ልጠብ የሚል ካለ ግን እሺ በሉ። እምቢ ማለት ያሳዝነዋል።

ገንዘብ ለባለቤቱ በእጁ ብትሰጡት ብዙው ቅር ይለዋል። ስኳር፣ ቡና፣ ሳሙና ይዛችሁ ሂዱና ጠዋት ስትሰናበቱ ለቤቱ እመቤት ስጡ። የአጋሰስና የመንገድ መሪ ሒሳብ የተለየ ነው፤ እሱ ሥራ ነው፣ ከመነሳታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋግራችሁ ጨርሱት፣ ሲያልቅም ሳትቆርጡ ክፈሉ።

ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ማደርም ይቻላል፤ ቅጥሩ ውስጥ ግን ዘው ብላችሁ አትግቡ። ገበዙን ወይም ካህናቱን አስጠሩ።

መንገድ መሪ ያስፈልጋል ወይ? አዎ፣ ያስፈልጋል። ምክንያቱም ስልክህ መንገዱን ቢያውቅ ሰው አያውቅም። መሪው አንዱን ጎጥ አልፎ ሌላው ጋ ሲደርስ በስሙ ይጠራል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ እናንተም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የእገሌ እንግዶች ትሆናላችሁ። ሁለተኛው ምክንያት አደጋ ነው። ተራራው ላይ አንዳችሁ እግሩ ቢሰበር የሚመጣ ሄሊኮፕተር የለም። ቃሬዛ ሠርቶ፣ እየተቀያየረ ተሸክሞ መኪና እስከሚደርስበት የሚያወርዳችሁ የአገሬው ሰው ነው። ትናንት ሰላም ሳትሉት አልፋችሁት ከሆነ ዛሬ እንዴት ብላችሁ ትጠሩታላችሁ? ሦስተኛ፣ ጭጋግ ሲወርድ ጓሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ስልክ ደግሞ በብርድ ቶሎ ባትሪው ያልቃል። ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ሌሊት ከሰውነታችሁ ጋር፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቧቸው። ካርታውን ያለ ኔትወርክ እንዲሠራ አድርጋችሁ ከቤት አውርዱት።

ወቅቱን በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጥሩ ነው። መስከረም አደይ አበባው ያምራል፤ ግን መሬቱ ገና ጭቃ ነው፣ ዝናቡም አልለቀቀም። ከኅዳር በኋላ ቀኑ ፀሐይ፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። በግምት 1,000 ሜትር ከፍ ባልክ ቁጥር 6 ወይም 7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀንሳል። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ማርቆስ ላይ ሹራብ ያስለበሰህ ምሽት እዚያ ላይ ውሃ ያረጋል ማለት ነው። ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ታገኘዋለህ።

ቀኑን አራት አድርጉት። ሦስት ቀን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እግር ይችለው ይሆናል፣ አየሩ ግን አይፈቅድም። ከባሕር ዳር መጥታችሁ መጀመሪያ ደብረ ማርቆስ እደሩ። በማግስቱ በመኪና እስከ ረቡዕ ገበያ ሄዳችሁ ጥቂት ብቻ ተራመዱና ዝቅ ባለው ጎጥ እደሩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ወደ ሜዳው የምትወጡበት ነው። ጫፉን በቀጣዩ ቀን በማለዳ አድርሱትና በቢቡኝ ወረዳ በኩል ወደ ድጓ ጽዮን መውረድ ጀምሩ። ከድጓ ጽዮን በኋላ መኪና ይዞ ሞጣ፣ ከሞጣ ባሕር ዳር። በጠጠር መንገዱ አቅጣጫ መሄዱ አንድ ጥቅም አለው፤ የታመመ ቢኖር ወደ መኪና የሚወርድበት ቦታ አይርቅም። ግን መንገዱን ይዛችሁ አትራመዱ፣ አቧራ ብቻ ነው የምታተርፉት። የከብት መሄጃው በተረተሩ ላይ ነው።

እንዲህ ቀስ በሉ የምንለው ለከፍታው ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ማንም ሰው ሊታመም ይችላል፣ ስፖርተኛም ቢሆን። እንዲያውም ጎበዙ ሰው ቶሎ ስለሚወጣ ይብስበታል። ከ3,000 ሜትር በላይ የዛሬው ማደሪያ ከትናንቱ በ500 ሜትር ያህል ቢበልጥ ነው፤ ከዚያ አታሳልፉ። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ወጥቶ ለማደር ዝቅ ማለት ይቻላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ሲጀምር ባላችሁበት እረፉ፤ ካልተሻለው ውረዱ። ሰውየው ቁጭ ብሎ እያለ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወሬው ከተዘበራረቀ፣ ወይም ተረከዝና ጣቱን እያገናኘ ቀጥ ባለ መስመር ሂድ ሲባል ጠላ ቤት እንዳመሸ ሰው ከተንገዳገደ፣ ሌሊትም ቢሆን ዝናብም ቢሆን ያኔውኑ ይዛችሁት ውረዱ። "ጠዋት እንየው" አይባልም። ብቻውንም አይላክም። መድኃኒት አለ፤ እሱን ግን ከጉዞው በፊት ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፣ ከጓደኛ ተቀብሎ አይዋጥም።

አረቄን በተመለከተ ግልጽ እንሁን። ጎጃም ናችሁና ይቀርብላችኋል፣ "ብርዱን ያባርራል" ትባላላችሁ። ለጊዜው ሙቀት የሚመስለው ደም ወደ ቆዳ ስለሚሮጥ ነው፤ የውስጥ ሙቀታችሁ ግን እየወጣ ነው። እንቅልፍ ላይ አተነፋፈስንም ያዳክማል። መጀመሪያዎቹ ሁለት ምሽቶች ላይ "መድኃኒት እየወሰድኩ ነው" ወይም "ስለት አለብኝ" ብሎ ማለፍ እንግዳ ተቀባዩን አያስቀይምም። ከወረዳችሁ በኋላ እንደ ፈቃዳችሁ።

የመብረቁን ነገር አትናቁት። ጮቄ ላይ ደመናው የሚሰበሰበው ከሰዓት በኋላ ነው። ጫፍ ላይ የምትደርሱት ጠዋት ይሁን፣ ከ6 ሰዓት በፊት ተረተሩን ለቃችሁ ውረዱ። ብልጭታ አይታችሁ ድምፁ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ከደረሰ ቅርብ ነው። ከብቸኛ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ተራርቃችሁ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ቁጢጥ በሉ፣ አትተኙ። ድንኳን ከመብረቅ አያድንም። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ቆዩ።

ድሮን ካላችሁ ቤት ተዉት። ፈቃድ ይጠይቃል፣ ከዚያ በላይ ግን ድምፁ ሰው ያሸብራል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ የልጆች እናት ነኝ። ሴት ልጄ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ ጋር ተራራ ላይ ልደር ብላ ተነስታለች። አልከለክላትም፤ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን ላስቋጥራት? የነቢያት ጾም ውስጥ ስለሆነ የጾም ብቻ ነው የምትበላው። ጋቢስ ይበቃታል?

መልስ፦ እናት ዓለም፣ ስጋትዎ ይገባናል። አለመከልከልዎ ደግሞ ያስመሰግንዎታል።

ስንቁን በተመለከተ ለተራራ ጉዞ የሚሆነውን ከሱቅ አይፈልጉ፤ እርስዎ ቤት አለ። በሶ! በስኳርና በጨው በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ እሳት አይፈልግም፣ ይከብዳል እንጂ አይበላሽም፣ ሆድ ይይዛል። የጾምም ነው። ለአንድ ቀን ከሁለት እስከ ሦስት ኩባያ ይገምቱላት፣ በትንንሽ ፌስታል ለየብቻ ይቋጥሩላት። ከዚያ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ተምር። ሽሮው ውስጥ ሽንኩርቱንና ዘይቱን ቀድመው አብስለው ቢያስገቡላት እዚያ ላይ ብዙ ነዳጅ አትጨርስም። ምስርና ባቄላ አያስይዟት። 4,000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው 87 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሲፈላ ይውላል፣ ጥራጥሬው ግን ጥሬ እንደሆነ ይቀራል። ምግብ ካስጠላት እንኳ ጣፋጭ ሻይ በየጊዜው እንድትጠጣ ይንገሯት። ከፍታው ላይ ምግብ መጥላት ያለ ነው፣ ሆን ብላ መብላት አለባት። ጾሙን እስከ ስንት ሰዓት ልጠብቅ የሚለውን ከንስሐ አባቷ ጋር ትነጋገርበት፤ ባዶ ሆድ ሽቅብ መሄድ ግን አንመክርም።

ጋቢው ደረቅ ሆኖ ለማታ ጥሩ ነው። ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ግን ይከብዳል፣ ሙቀትም አይዝም፣ ቶሎም አይደርቅም። ጅንስ ሱሪም ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ለዚህ ነው ደገኛው በርኖስና የሱፍ ልብስ የሚወደው፤ ሱፍ ረጥቦም ቢሆን ያሞቃል። የሱፍ ሹራብ፣ የሱፍ ካልሲ፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ጓንት ያስይዟት። አንድ ሙሉ ቅያሪ ልብስ በፌስታል ጠቅልለው ለመኝታ ብቻ ይለዩላት፤ ቀን ምንም ቢቸግራት እንዳትነካው። ጋቢውንም በላስቲክ ይጠቅልሉት። ከታች የሚነጠፍ ነገር ከላይ ከሚለበሰው እኩል ነው፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ፎም ፍራሽ ከጠፋ ወፈር ያለ ማዳበሪያ ውስጥ ደረቅ ጭድ ሞልቶ መተኛት ይቻላል፣ ጭዱን ካሳደሯት ቤት ትለምናለች።

የእርስዎን የእንቅልፍ ነገር ደግሞ እንዲህ ያድርጉ። ከመሄዷ በፊት ወረቀት ላይ ያስጽፏት፤ በየትኛው ምሽት የት እንደምታድር፣ የመንገድ መሪው ስልክ፣ የጓደኞቿ ወላጆች ስልክ፣ የምትመለስበት ቀን። ኔትወርክ በየቦታው የለም። ስለዚህ "በየሰዓቱ ደውይ" አይበሏት፤ ስልኳን ይጨርስባታል፣ እርስዎንም ያለ ምክንያት ያስጨንቅዎታል። የሚደወልበትን ቀንና ቦታ ተስማሙ። ከዚያ ቀን አንድ ቀን ካለፈ ማንን እንደሚጠሩም ካሁኑ ይወስኑ።

ጥያቄ፦ የጮቄ ምንጭ ከመሬት የሚፈልቅ ንጹሕ ውሃ ነው፣ አያቶቻችን ሲጠጡት ኖረዋል። እውነት መፍላት አለበት?

መልስ፦ አለበት። ውሃው ከላይ ሲታይ ኩል ይመስላል፤ ግን ከዚያ በላይ በግና ፈረስ ይውላል። ጃርዲያም ሆነ ሌላው ተቅማጥ አምጪ ተሕዋስ በዓይን አይታይም። አያቶቻችንም የጠጡት ደስ እያላቸው ብቻ አልነበረም፣ ስንቱ ሕፃን በተቅማጥ እንደሞተ ይጠይቋቸው። ከፍታ ላይ ውሃው ዝቅ ባለ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንፎልፎል። ነዳጅ ለመቆጠብ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ መጠቀም ይቻላል፤ መጠኑን ጠርሙሱ ላይ እንዳለው አድርጉ፣ 30 ደቂቃ ጠብቁ። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥሉት። ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ኦአርኤስ ከቦርሳ አይጥፋ። ከማንኛውም በላይ ደግሞ፣ ለመጸዳዳት ከምንጩ ቢያንስ 60 ወይም 70 እርምጃ ራቁ፣ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት። ከሥር ያለው ጎጥ የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው፤ ሱሃም ሙጋም ጨሞጋም የሚጀምሩት ከዚሁ ጋራ ነው።

ጥያቄ፦ ጅብ ድንኳን ይቀድዳል የሚባለው እውነት ነው? ከጅብ በላይ የምፈራው ግን ውሻ ነው።

መልስ፦ ፍርሃትሽ ትክክል ነው፤ የደገኛ ውሻ ከጅብ በላይ መንገደኛ ያስቸግራል። ሥራው ነው፣ በግ ይጠብቃል። ውሻ ሲመጣ አትሩጪ። ቁሚ፣ ፊትሽን አታዙሪ፣ ዱላሽን በአንቺና በውሻው መሐል አድርጊ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ እረኛውን ጥሪ። ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የማንሳት እንቅስቃሴ ብቻውን ያስቆመዋል። በመንጋ መሐል አትለፊ፣ ዙሪያውን ሂጂ።

ከነከሰሽ ግን ሌላውን ሁሉ ተዪው። ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢ። ቢያምሽም እጠቢ። ከዚያ ጉዞው እዚያ ላይ ያበቃል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወደሚገኝበት ጤና ተቋም በዚያው ቀን ውረጂ። "ውሻው ጤነኛ ነው" ቢሉሽም፣ የባህል መድኃኒት ቢያቀርቡልሽም። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ አይድንም፣ በጊዜ የተጀመረ ክትባት ግን ያድናል። ይህን አጥብቀን የምንለው ሰው በዚህ ስለሚሞት ነው።

ጅቡ ምግብ ይሸተዋል፣ ሰው አይፈልግም። ቋንጣም ዳቦም ጫማም ከድንኳን ውጭ አትተዪ። ምግቡን ያስጠጉሽ ሰዎች ቤት አሳድሪው። ድንኳኑን ዘግተሽ ተኚ።

ጥያቄ፦ ሰባ ሊሞላኝ ነው። የጡረታ ሰው ነኝ፣ ጤናዬ ደህና ነው፣ ጉልበቴ ግን ጮቄን አይችልም። ልጆቹ ሲሄዱ እኔ ቤት ልቀመጥ?

መልስ፦ አባታችን፣ አይቀመጡ። ሰከላ ወረዳ ግሽ ዓባይ አለልዎ። ዓባይ ከሚነሳበት ምንጭ ዙሪያ ያለው ኮረብታ በቀስታ የሚሄዱበት ነው፤ ምንጩ ጸበል ስለሆነ ጠዋት ሳይቀምሱ ቢሄዱ ሁሉንም ያገኛሉ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው የውጭ ቄስ በፈረንጆች 1618 ዓ.ም. ቦታውን አይቶ ጽፎበታል፤ ያገሬው ሰው ግን ከዚያ በፊትም ሲጸበልበት የኖረ ነው። ሌላው አዊ ውስጥ ያለው የዘንገና ሐይቅ ነው። በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ፣ ዙሪያው ዛፍ ነው፣ ከዋናው መንገድም አይርቅም። ዱላዎን ይያዙ፣ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ሐኪምዎን ያማክሩ፣ ቁልቁለቱን ከዳገቱ በላይ በቀስታ ይሂዱ። ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነው።

ጥያቄ፦ ጮቄ ሥር ያለ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ጥያቄ ሳይሆን ቅሬታ ነው ያለኝ። ከከተማ የሚመጡ ወጣቶች አስታ የሚባለውን የደጋ ዛፍ ቆርጠው እሳት ያነድዳሉ፣ ጅብራ በሚባለው ረጅም ተክል ላይ ተንጠልጥለው ፎቶ ይነሳሉ፣ ሃይላንድና ፌስታል ጥለው ይሄዳሉ። ተማሪዎቼ ችግኝ ሲተክሉ ነው የሚውሉት። ለእነዚህ ልጆች ምን ትሏቸዋላችሁ?

መልስ፦ መምህር፣ ደብዳቤዎን ሙሉውን ብናወጣው ደስ ባለን። ለልጆቹ በቀጥታ እንናገር።

ጮቄ የተራቆተ ተራራ ነው። በዛፍ ተሸፍኖ የነበረው አብዛኛው ዛሬ እርሻና ባሕር ዛፍ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አፈሩ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ቀይ ቀበሮ ጮቄ ላይ ነበር፣ ዛሬ የለም። የቀረችው ጥቂት አስታና ጓሳ ናት ውሃውን ይዛ ቀስ እያለች ለምንጩ የምትለቅቀው። እናንተ ለአንድ ምሽት ሙቀት የምትቆርጡት አስታ መልሶ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈልጋል። ስለዚህ እንጨት አትልቀሙ፣ አትቁረጡ። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዛችሁ ውጡ። እሳት ካማራችሁ ወደ ጎጡ ውረዱና የማገዶውን ባሕር ዛፍ ከባላገሩ ግዙ፣ ከግቢው ምድጃ ዙሪያ ተቀመጡ። ወሬውም እዚያ ነው ያለው።

ጅብራው ደግሞ በዓለም ላይ የሚበቅለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ዘሩን ይበትናል፣ ይሞታል። ሳያብብ የሰበራችሁት ጅብራ ዘር ሳይተው ሄደ ማለት ነው። ከጎኑ ቁማችሁ ፎቶ ተነሱ፣ አትንኩት።

ቆሻሻ ሁሉ ይመለሳል። ሶፍቱም ጭምር። ፕላስቲክ ከብት ይበላዋል፣ ሆዱ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገድለዋል። ላንድ ገበሬ ያ በሬ ምን ማለት እንደሆነ ለጎጃም ልጅ አይነገርም። በፈረንጆቹ 2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄን ኢኮ መንደር ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ብሎ መርጦታል። ያ ስም ለአካባቢው ሰው እንጀራ እንዲሆን ከተፈለገ የሚመጣው እንግዳ ውሃውንና ሣሩን የሚያከብር መሆን አለበት።

መምህር፣ አንድ ሐሳብ እናቅርብልዎ። ተማሪዎችዎ የችግኙን ቦታ ለመጡ እንግዶች ቢያሳዩና ቢያስረዱ፣ ትልልቆቹም በእረፍት ቀን መንገድ ቢመሩ፣ አስታውን የሚጠብቀው ሰው ይበዛል። ያገኛችሁትን ውጤት ብትጽፉልን ቦታ እንሰጣለን።

ጥያቄ፦ አዲስ የተራራ ቡት ገዛሁ። የፊታችን ቅዳሜ ነው የምንወጣው። ሌላ ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ሌላ ጫማ ያስፈልግሃል። አዲሱን ለዚህ ጉዞ ተወውና የለመደህን፣ ሶሉ ያልለሰለሰ ጫማ አድርግ። አዲሱ ቡት ቢያንስ ሁለት ሳምንት ከተማ ውስጥ፣ ዳገትም ቁልቁለትም ይሂድ፤ ከዚያ በፊት ተረከዝህን ይልጥሃል። እግር ላይ የሚሞቅ ቦታ ስታገኝ "እስክንደርስ" አትበል፤ እዚያው ተቀመጥ፣ ካልሲህን አውልቅ፣ ፕላስተር ለጥፍ። የውሃ ቋጠሮው ከወጣ አታፍርጠው። ጥፍርህንም ዓርብ ማታ ቁረጥ፤ ከድጓ ጽዮን በላይ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው፣ የረዘመ ጥፍር ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ይጠቁራል።